በክንዱ ባሕር ላይ የወደቀው ግዝት

ከወገዳ ወጣ ብሎ የበሽሎን ወንዝ ቁልቁል በሚያየው ደጋ፣ ዓሣ አጥማጅ ገበሬ ሲባል ሰው ይስቃል። እዚያ አገር ወንድ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ሥጋ ሲያምረው በግ ያርዳል። ክንዱ አስናቀ ግን አውድማው ተጠርጎ ገብሱ ጎተራ እንደገባ ናይሎን ክሩን ጠቅልሎ፣ በሶውን ቋጥሮ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሚስቱ አሰለፈች «ሄደ ደግሞ፣ ወንዝ ሊጠብቅ» እያለች ትሸኘዋለች። አምባዛውን ይዞ ሲመለስ ግን ድስቱን ቀድማ የምትጥደው እሷው ነች።

ይህን አመል ያመጣው ከጣና ነው። በጉብዝናው ባሕር ዳር የቀን ሥራ ሲሠራ ከአጥማጆች ጋር ውሎ ተማረ፤ ተምሮም አልቀረ፣ ሁለት ሰው አስተማረ። አንዱ ይርዳው ነው፣ የእህቱ ባል። ሁለተኛው መልካሙ ነው፣ አጥር የሚያዋስነው ጎረቤቱ። መንጠቆ ማሰር፣ ከክሩ ጫፍ ለክብደት የብሎን ዳዶ ማንጠልጠል፣ ዓሣው ሲነክስ መቼ ሳብ፣ መቼ ለቀቅ እንደሚደረግ፣ ሁሉን ያሳያቸው ክንዱ ነው። ከጥምቀት ማግሥት እስከ ቅበላ ሦስቱ አብረው ይወርዳሉ። አሸዋው ላይ ክራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፣ እርስ በርስ ይቀላለዳሉ፣ የያዙትን እዚያው በጨውና በበርበሬ ጠብሰው ይበላሉ። ክንዱ በዓመት ውስጥ ከልቡ የሚስቀው በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በሽሎ ከገደሉ ሥር ዞሮ የሚተኛበት አንድ ጥልቅ ቦታ አለ። አገሬው እንዲህ ያለውን የወንዝ ጥልቅ «ባሕር» ይለዋል፤ ይህን ክንዱ ስላገኘው «የክንዱ ባሕር» ተባለ። የባሕሩም ሕግ የክንዱ ነው። ትንሹ ዓሣ ይመለሳል። ብርብራ ደግሞ ከነስሙ አይነሳም። የብርብራን ፍሬ ወቅጠህ ውሃ ላይ ከበተንከው ትልቁም ትንሹም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ አንተ መልቀም ብቻ ነው። ክንዱ ይህን የሚያደርገውን ሰው ሌባ እንኳ አይለውም ነበር፤ ሌባ ቢያንስ ለባለቤቱ ዘር ይተዋል ይላል።

ታዲያ አንድ ዓመት ክንዱ ለተዝካር እስቴ ሄዶ ሳለ፣ ወገዳ ያለ አንድ ምግብ ቤት ለሠርግ ዓሣ ፈለገ። መልካሙ እሺ አለ። አንድ ማዳበሪያ የተወቀጠ ብርብራ ይዞ ወረደና የክንዱን ባሕር አረፋ አለበሰው። የሠርገኛው ድግስ ሞቀ። ባሕሩ ግን ለሳምንት ገማ፤ ከብታቸውን እዚያ የሚያጠጡት የቆላ ሰዎችም በቁጣ ነደዱ።

አጥፊውን ለማውጣት አውጫጭኝ ተጠራ። ክንዱም፣ መልካሙም፣ ይርዳውም ወርደው ከዋርካው ሥር ከሕዝቡ ጋር ተቀመጡ። ሽማግሌው «ያየ ይናገር፣ የሰማ ይናገር» ሲሉ መልካሙ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳ።

«እኔ ያየሁት የለም» አለ። «ግን ባሕሩ የክንዱ ይባል የለ? ባለቤቱን ጠይቁት።»

በቃ፣ ይችን ብቻ። ክንዱ እስቴ ነበርኩ ብሎ በመስቀል ማለ። ሽማግሌዎቹም «መሐላህን ተቀብለናል፤ ስምህ ያለበትን ውሃ ባለመጠበቅህ ግን ካሣ አለብህ» ብለው ሙክት አስከፈሉት። ቆላ የሚያህል አገር እያየው የገዛ በጉን በገመድ እየጎተተ ያስረከበ ሰው እንዴት እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ማን እንዳደረገው ግን ገና አላወቀም።

ያሳወቀው ይርዳው ነው። መልካሙ ከዓሣው ክምር አጠገብ ጥርሱን አግጦ የተነሳውን ፎቶ በስልክ ልኮለት ኖሮ አሳየው። ክንዱ «ተነስ፣ ለሽማግሌዎቹ እናሳይ» ሲለው ግን ይርዳው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«የልጄ የክርስትና አባት እኮ ነው፤ በእኔ እጅ አይዋረድም። ተወው፣ ያልፋል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ክንዱ ያን ክረምት ሞፈሩን ጨብጦ የሚያርሰው መልካሙን ነበር፤ እያንዳንዱን ጓል በስሙ ሰበረው። ጭዱን ላቃጥል? ከብቶቹ ምን አደረጉ። ጥይት ላጉርስ? አሰለፈች ጠመንጃውን ከግድግዳው አውርዳ ወንድሟ ቤት ወስዳዋለች፤ የባሏን ዓይን አንብባ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ «በደላችንን ይቅር በለን» ሲል ምላሱ ይተሳሰር ጀመር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እንዲሉ።

መስከረም ሲጠባ መልካሙ መረብ ገዝቶ መጣ። ምግብ ቤቱ በቋሚነት አምጣልኝ ብሎታል፤ ዓሣውም ክረምቱ ባመጣው ጎርፍ ከላይ ወርዶ ባሕሩን እንደገና ሞልቶታል። ያን ጊዜ ለክንዱ በቀሉ ታየው።

የቆላውን ሚካኤል ወደሚያገለግሉት ወደ አባ ወልደ ሰንበት ወረደ። «አባ፣ ያን ባሕር ይገዝቱልኝ። ለከብቱ ብዬ ነው። ስሜን ግን አያንሱ» አላቸው።

አባም በብርብራው ነገር ተቃጥለዋል። «ሰው ብገዝት ስሙን ጠርቼ፣ ምስክር አቁሜ ነው። ውሃውን ብገዝት ግን አጥፊውም ንጹሑም እኩል ይታሰራል። አንተም ጭምር፣ ልጄ።»

«ይሁን፣ አባ።»

«ዓሣ ማጥመድ እንደምትወድ አውቃለሁ።»

«ይሁን አልኩ!»

በኅዳር ሚካኤል ሕዝቡ ግጥም ብሎ ሞልቶ ሳለ አባ መስቀላቸውን አንስተው፣ «በዚያ ባሕር መንጠቆ የጣለ፣ መረብ የዘረጋ፣ ብርብራ የበተነ፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ ይሁን!» አሉ። ሴቶቹ አማተቡ። መልካሙ ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ክንዱ ያን ፊት ሲያይ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወደ ደጋ የሚወስደውን አቀበት እያፏጨ ወጣው። መረቡ የመልካሙ ጎጆ ላይ ተሰቅሎ አይጥ ሲበላው ባየ ቁጥር ፈገግ ይል ነበር፤ ደስታው ሁለት ወር ቆየለት።

ከዚያ ጥር መጣ፣ ክንዱም ክሩን ሳያስበው ከግድግዳው አወረደ። ወርዶም ባሕሩ ዳር ቆመ። የሚነካቸው ጠፍቶ አምባዛዎቹ ክንድ ክንድ አክለዋል፣ ከጥላው ሥር ተዝናንተው ይመላለሳሉ። እጁ በላው። ባዶውን ተመለሰ። በሚቀጥለውም ጥር እንዲሁ። ሌላ ቦታ ሄዶ ሞከረ፤ ይርዳው ፈርቶት ሸሽቶታል፣ ብቻውን አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀልደው ሰው አጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ፣ እሱ ደግሞ ቆጡንም ብብቱንም በአንድ እጁ አራገፈ።

በመጨረሻ አባ ወልደ ሰንበት ፊት ተንበርክኮ እውነቱን ዘረገፈ። አባ ተቆጡ። «ለካ የእግዚአብሔርን ሥልጣን ለቂምህ ዱላ አድርገኸዋል! እፈታዋለሁ። ግን መጀመሪያ መልካሙ ዘንድ ሂድ፤ ያስገዘትኩት እኔ ነኝ በለው፣ እሱም በደሉን ይመንልህ። ተያይዛችሁ ኑ።»

ክንዱ ሰንብቶ ሰንብቶ ሄደ። ደስታው ካለፈ ወዲህ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ማየት የተወው የመልካሙ ጎጆ በቆርቆሮ ቤት ተተክቷል፣ ጓሮው ቀፎ ብቻ ነው፣ ሞተር ሳይክልም ደጁ ቆሟል። መልካሙ ሲያየው ሮጦ አቀፈው።

«ክንዱ! ምነው ጠፋህ? ግባ እንጂ፣ ማር ብላ!»

«ልናገር ነው የመጣሁት» አለ ክንዱ፣ ሳይቀመጥ። «ስለዚያ ብርብራ።»

«የምን ብርብራ?» መልካሙ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ፤ ከዚያ ሳቀ። «እ! እሷን ነው? እኔማ ረስቻታለሁ። በኋላ እንኳ ያ ግዝት ሲመጣ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ወንዙን ሳጣ ጊዜ ነው ወደ ንቡ የዞርኩት፤ ይኸው ቤት የሠራሁት በማር ነው። የቆላ ሰዎች ናቸው ይላሉ ያስገዘቱት። ማን እንደሆነ ባውቀው፣ ክንዱ ሙት፣ እግሩን ስሜ አመሰግነው ነበር!»

ክንዱ አፉን ከፈተ። «እኔ ነኝ» የምትለው ቃል ከጥርሱ ደርሳ ቆመች።

«ምን ልትለኝ ነበር?» አለ መልካሙ።

«ወይፈን ጠፍቶብኝ ነው፤ አይተህ እንደሆነ።»

ቤቱ ሲደርስ አሰለፈች ፊቱን አይታ «ታረቃችሁ?» አለችው። ክንዱ ክሩን ከግድግዳው አውርዶ ምድጃው ውስጥ ጣለው።

«የሱን ምርቃት ከምቀበል» አላት፣ «ዓሣው እዚያው አርጅቶ ይሙት።»