የተከበሩ ሙሴ ላን

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለጓደኛዬ ለዳንኤል ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ነበር። ነገሩ በመልካም ቢያልቅም ሳስታውሰው ፊቴ ዛሬም ይግላል።

ዕድሜዬ ለሽምግልና አልደረሰም። ዳንኤል ግን «አንተ ንግግር ታውቃለህ» ብሎ ለመነኝ። የምንሄደው የሚወዳት የሔለን አባት ዘንድ ነው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ሙሴ ላን ይላቸዋል። «ሙሴ» በፈረንሳይኛ «አቶ» እንደ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። «ላን» ደግሞ ከፈረንሳዮች ያገኙት የክብር ስም ይመስለኝ ነበር።

ሳሎናቸው ውስጥ አንድ አሮጌ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ባሕር ዳር ብቻዋን የቆመች አህያ። በመዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሥራ መሆኑን ከንባቤ ስለገመትኩ ንግግሬን ከእሱ ጀመርኩ።

«የተከበሩ ሙሴ ላን፣ ይህ ሥዕል የባለቤቱን ማንነት ይመሰክራል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ኢብራሂም፣ ኮቴን ጎተት አድርገው «አቦ ተቀመጥ» ሲሉ አንሾካሾኩ። ድምፄ ያልተሰማ መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ሰውየው አልተቆጡም። «ከሥዕሉ ሥር የተጻፈውን አንብብልን» አሉኝ።

ፈረንሳይኛ ማንበብ አልችልም።

«‹ላን› ነው የሚለው፤ አህያ ማለት ነው። አለቃዬ የነበረው ፈረንሳዊ አገሩ ሲገባ ይሄን ሰጠኝ። መስታወቱ እንዳይሰበር ከጅቡቲ ድረስ በባቡር ታቅፌው መጣሁ። የሥራ ጓደኞቼ ‹አቶ አህያ› ብለው ሳቁብኝ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ልጅ ሳለህ ስትለኝ፣ አያውቅም ብዬ ተውኩህ። አሁን ግን ልጄን ልትጠይቅ መጥተህ ነው።»

ሐጂ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምሩ ሰውየው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። «ዛሬ መልስ የለኝም። ስሜን አጣርታችሁ ተመለሱ።»

ዳንኤል ያን ሳምንት እህል አልበላ አለው። «ሚስት ጠይቅልኝ ብልህ አማቼን ሰድበህልኝ መጣህ» አለኝ።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። አሁንም ተናገር የተባልኩት እኔ ነኝ። ብድግ ብዬ፣ «አቶ ተስፋዬ፣ ልጅዎን ለልጃችን . . .» እንዳልኩ የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋኝ።

«ይበቃል፤ ሰጥቻለሁ» አሉ።

ሠርጉ ካለፈ ቆየ። አሁን ከዚያ ንግግር ይልቅ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር፣ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ «ደህና አደሩ፣ ሙሴ ላን» ስላቸው ኖሬአለሁ። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» ሳይሉኝ አላለፉም።