በጣቴ የነካሁት አምፖል

የመኪናዬ የግራ የፊት መብራት የጠፋው ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ሽቅብ ስመለስ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። ከፊቴ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሞተር ሳይክል መስዬው ወደ እኔ መስመር ገባና ለጥቂት ሳንጋጭ ተላለፍን። በመስኮቱ ብቅ ብሎ የሰደበኝን ስድብ አልሰማሁትም፤ ምንም ቢል ግን ልክ ነበር።

እኔ ኦዲተር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ጭሮ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። የሥራዬ ጠባይ ይሁን የራሴ እንጃ፣ ሰው አምኜ ነገር መስጠት አይሆንልኝም። ስለዚህ መብራቱንም ራሴ ልጠግን ተነሳሁ። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፍቼ፣ ኮፈኑን አንስቼ፣ መጀመሪያ ፊውዙን አየሁ፤ ደህና ነው። ከዚያ የግራውን አምፖል ነቅዬ በቀኙ ቦታ ገጠምኩት፤ አልበራም። የቀኙን በግራ ገጠምኩት፤ በራ። እንግዲህ ሽቦው ጤነኛ ነው፣ የሞተው አምፖሉ ነው ማለት ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። ቢሮ ሄጄ ሳይቀር አውርቼዋለሁ።

አዲስ አምፖል ገዛሁ። ሳምቡሳ የበላሁበትን እጄን በሱሪዬ ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ ብርጭቆውን በጣቶቼ ይዤ ገጠምኩት። ቦግ አለ። ከሳምንት በኋላ ጠፋ። ሌላ ገዛሁ፤ እሱም ጠፋ። ብዙ ሳይቆይ የቀኙም ተከተለ። ባለሱቁ የውሸት ዕቃ ነው የሚሸጥልኝ ብዬ ደመደምኩና ሱቅ ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰውዬ ደጃፍ ሳልፍ ሰላም አልለውም ነበር።

የዓመታዊው ምርመራ ቀን ደረሰ። መብራቱ ያልበራ መኪና ቦሎ አያገኝም፤ ቦሎ የሌለው መኪና ደግሞ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። በዋዜማው ሁለቱንም አምፖሎች በአዲስ ቀየርኩ። በጠዋት ከምርመራው ግቢ በር ውጭ ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ ከመቻራ ቡና የሚያመላልስ አይሱዙ፣ ከኋላዬ የቦኬ ሚኒባስ ነበር። መብራቶቹን ልሞክር ብዬ ሳበራ የግራው አንዴ ብልጭ ብሎ ድርግም አለ።

በሩ አጠገብ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ ሽማግሌ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ይቀመጡ ነበር። አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ ዱካ፣ አንድ የተቀደደ ጃንጥላ ነው ያላቸው። ሰልፍ ላይ መብራት ወይም ጥሩንባ እምቢ ያለው ሾፌር ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ያቺ የግንብ ጥላ ሱቃቸው ነበረች። ሌላ ቦታ ቢቀመጡ ማንም እንደማይፈልጋቸው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም።

መጡ። አምፖሉን በጨርቅ ይዘው አወጡትና ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። ብርጭቆው ላይ ጥቁር ነጥብና እንደ ውኃ የቋጠረ ቁስል ያለ እብጠት ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ አምፖል ጥሩ ነው። ችግር አንተ ጋ ነው» አሉኝ።

አንተ መባሌ ቆረቆረኝ። እዚህ አገር አማርኛን በኋላ የለመደ ሰው ትንሹንም ትልቁንም አንተ እንደሚል አራት ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ፤ ደግሞም አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ቢሆንም ቆረቆረኝ። ሊያስረዱኝ ሞከሩ፤ አማርኛው አልመጣላቸው አለ። ወደ ሚኒባሱ ሾፌር ዞሩና በኦሮምኛ «ቁባን ቱቄ፣ ጉባቴ» አሉት። እሱም ፈገግ አለ። እኔ በደንብ ስላልገባኝ ግንባሬን ቋጠርኩ። ሽማግሌው ያኔ አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር እያሹ አሳዩኝና እየደጋገሙ «ጉባቴ፣ ጉባቴ» አሉ።

ጣት ማሸት እኔ የማውቀው አንድ ትርጉም ነው ያለው። የሰማሁትም ቃል ጉቦ የሚል ሆኖ ነው የተሰማኝ። ችግሩ አንተ ጋ ነው፣ ጣትህን ፍታ፣ ለመርማሪው ጉቦ ስጥና እለፍ፤ በአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ሂሳብ ሲገጥምልኝ ደግሞ ሁለተኛ አልደምርም።

ጮህኩ። «አንተ ሽማግሌ! እኔን ነው ጉቦ የምትጠይቀው? እኔ ኦዲተር ነኝ!» አልኩ። እሳቸውን ነው አንተ ያልኩት፤ እኔ ደግሞ በአንቱ አፌን የፈታሁ ሰው ነኝ። ሰልፈኛው ከየመኪናው ወረደ። ጥበቃው መጣ። የምርመራው ኃላፊ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ። እኔ ለሁሉም ደግሜ ደጋግሜ፣ እኚህ ሰው በመርማሪዎች ስም ጉቦ እየሰበሰቡ ነው አልኩ። እየሰበሰቡ የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ስናገር ተከትሎኝ ወጣ።

ሽማግሌው «ዋላሂ አላልኩም» አሉ። የሚኒባሱ ሾፌር ጣልቃ ሊገባ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እኔ ግን «አንተም አብረህ ነህ?» ስለው ተራውንና ቦሎውን አስቦ መሰለኝ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰ። ኃላፊው ደነገጡ። የኦዲተር ቃል ነው። ጥበቃውን «ከበሩ ያንሱልኝ፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳላያቸው» አሉት። ሽማግሌው ፒንሳቸውንና ካቻቢቴያቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ፣ ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ ዱካቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ቁልቁል ሄዱ። እኔ መኪናዬ በመብራት ቢወድቅም ያን ቀን ራሴን ጀግና አድርጌ ነው ቢሮ የገባሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ለክፍላችን ጸሐፊ አወራኋት። የጭሮ ልጅ ናት፣ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ነው የምትናገረው። እያጋነንኩ ስተርክ እስክጨርስ ሰማችኝና «በትክክል ምን ነበር ያሉት?» አለች። ቃሉን ደገምኩላት፤ ጣቴንም እንደሳቸው አሸሁ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠችው።

«ቁባ ማለት ጣት ነው» አለች። «ጉባቴ ማለት ተቃጠለ። በጣቱ ነካው፣ ተቃጠለ ነው ያሉህ። የእጅህ ቅባት ብርጭቆው ላይ ይቀራል፤ ሲግል ያቃጥለዋል። የኔ ወንድም ሾፌር ነው፣ አምፖል በባዶ እጅ አይነካም።»

ምሳዬን ትቼ ወጣሁ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም። ያሳፈረኝ ቃሉን አለማወቄ ብቻ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ የዚህን አገር እንጀራ እየበላሁ ከቋንቋው የለመድኩት ሰላምታና የሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው፤ ግን አለማወቄን ትቼ ክፉውን ትርጉም መርጬ መያዜ ነው ያንገበገበኝ። የማይገባኝ ነገር ሁሉ በእኔ ላይ የተባለ ይመስለኝ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ቀን ሄጄ ማስተካከል ነበረብኝ። አልሄድኩም። በማግስቱ ስብሰባ አለ አልኩ፤ በሦስተኛው ቀን ራሴን አመመኝ አልኩ። በእግሬ ወደ ቢሮ ስመላለስ በምርመራው በር በኩል እንዳላልፍ እዞር ነበር። አንድ ጊዜ ደብዳቤ ልጽፍ አስቤ «በተፈጠረው አለመግባባት» ብዬ ጀመርኩና ቀደድኩት። አለመግባባት ሁለት ሰው ይፈልጋል። እሳቸው ምን አጠፉ?

በአራተኛው ቀን ፈልጌ አገኘኋቸው። ከገበያው በታች፣ መኪና ቁልቁል ሲበር እንጂ ሲቆም በማይታይበት መታጠፊያ ላይ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሳጥኑ አልተከፈተም። መኪናዬን ሲያዩ ተነሱ፤ እኔ መሆኔን ሲያዩ ደግሞ መልሰው አልተቀመጡም። ከመኪናው እንደወረድኩ ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ገዝቼ ያመጣሁትን አዲስ አምፖል ከካርቶኑ ሲያወጡት ጣታቸው ብረቱን እንጂ ብርጭቆውን አልነካም። ገጠሙት፤ አብራ አሉኝ፤ በራ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። «ኦቦ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ያሉኝን አልሰማሁም። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

እጃቸውን በጨርቃቸው ጠረጉ። «አሁን ቀስ ብለህ አልክ» አሉ። «ያን ቀን ጮክ ብለህ ነበር።»

ገባኝ። ባይገባኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። አጠገቤ አስቀምጫቸው ወደ በሩ ሄድን። ሰልፉ እንደ ሁልጊዜው ረጅም ነው። ጥበቃው እሳቸውን ሲያይ ሊከለክል መጣ፤ ኃላፊው ይጠሩልኝ አልኩት። ወጡ። እኚህ ሰው ጉቦ አልጠየቁኝም፣ ቃሉን የሰማሁት እኔ ነኝ በስህተት፣ በሐሰት ነው ያስነሳኋቸው አልኩ። ኃላፊው ቀና ብለው አዩኝና «ታዲያ ያን ሁሉ ጩኸት?» አሉ። ይመለሱ ብለው ለጥበቃው ነገሩት።

ያለቀ መስሎኝ ወደ መኪናዬ ዞርኩ። ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ።

«እነዚህ ሾፌሮች ግማሹ አማርኛ አይሰማም» አሉኝ። «ሥራ የሚሰጠኝ እነሱ ናቸው። በኦሮምኛ በል።»

«አልችልም።»

«እኔ እልሃለሁ፤ አንተ በል።»

በሰልፈኛው ፊት፣ የበደልኳቸው ሰው ከጎኔ ቆመው ቃሉን እየቆረሱ አቀበሉኝ። «አኒ ዶጎጎሬ።» እኔ ተሳሳትኩ ማለት ነው። አልኩ። «ኢኒ ጉቦ ሂን ጋፋኔ።» እሱ ጉቦ አልጠየቀም። አልኩ። «ዶጎጎሬ» ላይ ምላሴ ተሳሰረና ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አሉኝና እንደገና አስጀመሩኝ። በሁለተኛው ጮክ ብዬ አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ሳነብ ኖሬ፣ የራሴን በሰው ቃል ተቀብዬ ነው ያነበብኩት።

ሄደው ዱካቸውን ግንቡ ጥላ ሥር አስቀመጡ፣ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ወዲያው አንድ የአይሱዙ ሾፌር በመስኮቱ ብቅ ብሎ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጣል አደረገ፤ ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌውም ሊስቁ ሲሉ እኔን አዩና ተዉት።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«ምንም። ስለ መኪናው ነው» አሉኝ፣ ፒንሳቸውን እየፈለጉ።

ሾፌሩ ካለው መሃል ኦዲተር የሚለውን ቃል በደንብ ሰምቼው ነበር። ዋላሂ ሲሉ ሳላምን ያዋረድኳቸው ሰው ሲዋሹ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ለእኔ ብለው ነው።