አባባ የማይቆጥራቸው ከብቶች

ታናሽ እህቴን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ይኼንን ከሁሉ አስቀድማችሁ ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የምናገረው ያሳፍራልና።

እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን የለቀምኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት፣ ከመድኃኒት ካርቶንና ከጎረቤት ልጆች ደብተር ነው። የለቀምኩትን ደግሞ በዚያው ቀን ለእሷ አቀብላት ነበር። እሷ በወጉ ተማረች፤ እኔ በግል እየተፈተንኩ ብዙ ዓመት ዘግይቼ ደረስኩባት። እንዲህ ሆነን ነው ከሚሴ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች ሆነን አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥነው። ሁለታችንም የምንፈልገው የአፀደ ሕፃናት መምህርነት ነው። እዚያ ለመግባት ግን መጀመሪያ የቁጥርና የአልጀብራ መግቢያ የሚሉትን ትምህርት ማለፍ ግድ ነው።

ቁጥር የሚያስፈራኝ ሰው አልነበርኩም። የማሽላ ክምር አይቼ ስንት ቁና እንደሚወጣው መናገር እችላለሁ። ክፍልፋዩንም መቶኛውንም እንደ ቆሎ ቆረጠምኩት። ኤክስ የሚሉት ሲመጣ ግን ጥርሴ ላይ ድንጋይ ሆነ።

መምህራችን ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ነው። አንድ ቅዳሜ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ "አንድ አርብቶ አደር ከብቶች አሉት። እጥፍ ቢሆኑለትና ስድስት ቢጨመሩለት አርባ ይሆናሉ። እርስዎ እናቴ፣ ስንት ከብት አለው?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው" አልኩት።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግራ ተጋባ። "ደህንነታቸውንማ አልጠየቅኩም፤ ብዛታቸውን ነው እንጂ።"

ከኋላ አንድ ጎልማሳ "መምህር፣ እዚህ አገር የሰው ከብት ደህና ነው ወይ ይባላል እንጂ ስንት ነው ተብሎ አይጠየቅም! የሰው ዐይን ሊያስበሏቸው ነው?" አለው። ሳቁ ጨመረ።

ይኼኔ እህቴ እጇን አወጣች። ሰሌዳው ጋ ሄደች።

"አባታችን ከብቶቹን አይቆጥርም ነበር" አለች። "ጀንበር ስትጠልቅ በረቱ በር ላይ ይቆማል። ዳማዋ ገባች፣ ቡሬው ገባ፣ ጉራቻው ገባ ይላል። የገባውን እያሳለፈ ሲሄድ የቀረው ራሱ ይታወቀዋል። ኤክስም ይኼው ነው። ስድስቱ ይግቡ፤ ከአርባው ሠላሳ አራት ቀረ። እጥፍ ስለሆነ ለሁለት እንክፈለው፤ አሥራ ሰባት።"

አጨበጨቡላት። መምህሩ "እኔም እንዲህ አላስረዳሁም" አለ። እኔ አላጨበጨብኩም።

አባባ ሲሞት እሷ ጡት አልጣለችም ነበር። በረቱ በር ላይ ቆሞ አይታው አታውቅም። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ሽርጡን ይዤ ከጎኑ የቆምኩት እኔ። ለእሷ እንቅልፍ ማምጫ ብዬ ነው የነገርኳት። የሰጠኋትን ተረት ይዛ ሰሌዳ ላይ ወጣች፤ እኔ ደግሞ የከብት ደህንነት አውርቼ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ራሴን አመመኝ እያልኩ ብቻዬን በሌላ መንገድ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሆዴ ውስጥ ሁለት ሰው ነበር፤ አንዷ "ያስተማርኳት ልጅ!" ትላለች፣ ሌላዋ ትነክሳለች። የምትነክሰው በረታች። የመሐል ፈተናው ወረቀት ሲመለስልኝ አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። መምህሩ ቀስ ብሎ "ማጠቃለያውን በደንብ ካልሠሩ አያልፉም" አለኝ።

በማግስቱ እርጎ አንጠልጥዬ እህቴ ቤት ሄድኩ።

"አካም ጂርታ፣ እታለም! ማል ተኤ? ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?" ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበለችኝ።

"አስረጂኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"በረቱን።"

ሳቀች። "በረቱንማ የምታውቂው አንቺ!"

"አውቀዋለሁ። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ያየሁት ላም ብቻ ነው።"

"ለዚህ ነው ሁለት ሳምንት ያኮረፍሽኝ?"

"ቀናሁ።"

"በእኔ?"

"ታዲያ በማን ልቅና፣ በመምህሩ?"

ይኼን ጊዜ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። "እታለም፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ በአንቺ ስቀና ነው የኖርኩት። አንቺ አባባን አይተሽዋል።"

እርጎውን አስቀመጥኩ፤ ደብተሬን አወጣሁ። እስከ መግሪብ ሶላት ሠራን። አንድ ቁጥር መሐል ላይ ቀርቶ ስፈዝዝ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ እያደረገች "አስገቢያት! በር ላይ አታስቁሚያት!" ትለኛለች። ልክ እኔ ድሮ "ሀ" እና "ሐ" ሲምታቱባት ጉልበቷን መታ እንደማደርጋት።

የማጠቃለያው ፈተና ቀን ከንፈሬ ዝም አላለም። ፈታኙ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ ዱዓ የማደርግ መስሎት መሰለኝ ተወኝ። እኔ ግን ዳማዋን እያስገባሁ ነበር።

ውጤቱ ኮሌጁ ግቢ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አልፌያለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ጣቴ መጀመሪያ የፈለገው የእኔን መለያ ቁጥር አልነበረም፤ የእሷን ነው። በለጠችኝ። በስንት እንደበለጠችኝም እዚያው ቆሜ ቀንሼ ያዝኩት። ያቺ የምትነክሰው አሁንም አለች፤ ጥርሷ ግን ደንዝዟል።

እህቴ ከበሩ እየሮጠች መጣች። "አለፍሽ? ስንት አመጣሽ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው" አልኳት።