ጠበል ብለን የሄድንበት ሆቴል

ባለቤቴ ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቅኖ «ይቺን እዪ፣ ይቺን እዪ» ሲለኝ ሳቄ መጣ። የሆቴል አልጋ ፎቶ ነው፤ የጽጌረዳ አበባ ተበትኖበታል። መሃሉ ላይ ከፎጣ የተሠሩ ሁለት ወፎች አንገት ለአንገት ተያይዘው ተቀምጠዋል። ከሥር «ለጥንዶች ልዩ ቅናሽ» ይላል። ቅናሹን አየሁት፤ የወር ደሞዜን ይበላል። «ቅናሹ ይሄ ከሆነ ዋናው ዋጋ ኩላሊት ነው እንዴ?» አልኩት። እሱ አልሳቀም። «ሌላ እፈልጋለሁ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ባልና ሚስት ሆነን፣ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ የራሳችን ኮንዶሚኒየም እያለን ሆቴል የምንፈልገው ለምን እንደሆነ ለሰው ብናገር ይስቅብኛል። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው። መኝታ ቤቱ ሰባት ዓመት ሙሉ የአማቴ ነበር። እኛ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈን እንተኛና ጠዋት ጠቅልለን ከሶፋው ጀርባ እናቆመው ነበር። አማቴ እግራቸው እምቢ ካላቸው ወዲህ የሚፈልጉት ነገር ሲኖር በምርኩዛቸው ግድግዳውን ሦስቴ ይመቱ ነበር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ውሃ ነው፣ ሽንት ቤት ነው፣ አንዳንዴም እንዲያው ሰው ናፍቋቸው ነው። የኛ ግድግዳ ደግሞ ስሙ ብቻ ነው ግድግዳ፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው እኛ ነን።

አማቴ ካረፉ ስምንት ወር ሆናቸው። መኝታ ቤቱም አልጋውም የእኛ ሆነ፤ ግን አንድም ቀን እንደ ባልና ሚስት አልተኛንበትም። እሱ ወደ ግድግዳው፣ እኔ ወደ በሩ ዞረን ይነጋል። አንድ ማታ እጄን ትከሻው ላይ ሳሳርፍ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ዘለለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

እኔም ሰምቼ ነበር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ ከሳሎን በኩል፣ ድሮ እኛ ከምንተኛበት። ምርኩዙን በቀብሩ ማግስት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚለምኑ አንድ ሽማግሌ ሰጥተነዋል፤ ቤታችን ውስጥ የለም።

አንድ እሁድ ባለቤቴ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ከዚህ ቤት አንድ ሌሊት እንኳን ወጥተን እንደር። እዚያም ካልሆነልን ግን…» አለና ተወው። እኔ በልቤ ጨረስኩለት። እዚያም ካልሆነልን እሱ ወደ እህቱ ቤት፣ እኔ ወደ እናቴ ቤት። አስራ አንድ ዓመት አብረን በልተን ጠጥተን፣ በአንድ የግድግዳ ድምፅ ልንለያይ! ንዴቴ ከሐዘኔ በለጠ።

ችግሩ «የት ሄዱ?» መባላችን ነበር። የአማቴ ሙት ዓመት ገና አልወጣም፤ እኔ ጥቁር እንደለበስኩ ነኝ። ምራቲቱ ሐዘኗን ሳትፈታ ከባሏ ጋር ሆቴል ገባች ቢባል የሕንፃችን ሴቶች ሰባት ዓመት እንትን ያጠብኩትን ሁሉ ረስተው አፈር ያለብሱኛል። ስለዚህ «ጠበል ልንሄድ ነው» የምትለዋን ውሸት ያመጣኋት እኔ ነኝ። ጥሩ ውሸት መስላኝ ነበር። ጠበል የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን እንደማይመለስ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ምድር ቤት ያሉት እናት፣ የአማቴ የልብ ወዳጅ፣ ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ለዚች ጉልበቴ ትንሽ ቅጂልኝ። ለእሷም ነፍስ ጸልዪላት፤ መቼም እንዳንቺ የጦራት የለም» አሉኝ።

እሳቸው ሳይወርዱ ሌላዋ መጣች። ስንወጣ አምስት ባዶ ጠርሙስ ይዘን ነበር። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይላሉ፤ እኛም ማደሪያ ፍለጋ ጠርሙሳችንን እያንኳኳን ታክሲ ውስጥ ገባን።

መጀመሪያ የሄድነው ቃሊቲ መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ ፔንሲዮን ነው። ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ቀና እንኳን ሳትል «ለሰዓት ነው አዳር?» አለችን።

«ምን አልሽ አንቺ?» አልኳት።

«ለሰዓት ነው ወይስ ልታድሩ?»

«ባልና ሚስት ነን እኮ! አስራ አንድ ዓመታችን ነው!»

«እሺ እናቴ፣ ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው» አለች። ባለቤቴ በክንዴ ጎትቶ ባያወጣኝ ኖሮ ማስቲካዋን አስውጣት ነበር። ውጪ ላይ ግን ሳቅን፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን ሳቅን። ይሆንልናል ማለት ነው ብዬ ተስፋ ያደረግሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በባጃጅ ወደ አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ወዳለው ሆቴል ሄድን። እሱም ስልክ ላይ የተገኘ ነው፤ በፎቶው ላይ ግቢው በአበባ ተሞልቷል። በአካል ስናየው አበባው ሁለት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ጥቁር ልብሴን አዩና ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ነፍስ ይማር። ለቀብር ነው የመጣችሁት?»

ባለቤቴ «አዎ» አለ። አዎ! ለፍቅር ብሎ ስንት ሌሊት ስልክ ሲጎረጉር የከረመ ሰውዬ፣ ለቀብር ነው አለ። ሽማግሌው ከዋጋው ቀነሱልን፤ ለሐዘንተኛ ጸጥ ያለ ክፍል ይሻላል ብለውም ጓሮ በኩል ሰጡን። በሩን ስንከፍተው ሁለት ጠባብ አልጋ፣ አንዱ በዚህ ግድግዳ፣ አንዱ በዚያ ግድግዳ።

አልጋዎቹን ገፍተን አገጣጠምናቸው። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ በሚሠራበት ብረታ ብረት ፋብሪካ ሌሊት ተረኛ ነበር፤ «አንድ አፍታ ልጋደም» ብሎ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ወሰደው። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይሆናል። ጥቁሩን አውልቄ፣ ደብቄ የያዝኩትን ቀይ የሌሊት ልብስ ለብሼ፣ በጠራራ ፀሐይ እንደ ሞኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማውን ቀስ ብዬ አወለቅሁለት። ፊቱን እያየሁ ይሄ ሰውዬ ደግ ነው እኮ አልኩ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«አቤት እማዬ! መጣሁ!»

በባዶ እግሩ በሩ ጋ ደርሷል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን እኔን አያይም። እኔም እሳቸው መስለውኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። ነጠላዬን ደርቤ እንደምንም በሩን ገፋ አድርጌ ወደ ጎን አየሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ የሚቀጥለውን ክፍል ትወለውላለች፤ የመወልወያው እንጨት ነው ግድግዳውን የሚመታው።

«የምታጸዳ ሴትዮ ናት» አልኩት። «እማማ አይደሉም። ሆቴል ነው ያለነው።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። በቀብሩ ቀን እንኳን እንደዚያ አላለቀሰም።

«ሰምቻት ነበር» አለኝ። «የዚያን ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰምቻት ነበር። ሦስቴ መታች። ቆይታ ደግሞ ሦስቴ። አንቺ ክንዴ ላይ ተኝተሽ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ክንዴ ላይ ተኛሽ፣ ክንዴን ባወጣ ትነቃብኛለች ብዬ… ውሃ ነው፣ ይደርሳል አልኩ። ጠዋት ስገባ…»

ጠዋት ሲገባ ያየውን እኔም አይቻለሁ። ምርኩዙ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ የውሃ ብርጭቆው ባዶ ነው፣ እጃቸው ወደ ግድግዳው እንደተዘረጋ ቀርቷል።

«አንቺማ ተኝተሽ ነበር» አለኝ አፍንጫውን እየጠረገ። «አንቺ ንጹህ ነሽ። ዓይንሽን ማየት የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።»

እኔ ተኝቼ አልነበረም። የመጀመሪያዋን ኳ ስሰማ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት። ሰባት ዓመት የተነሳሁት እኔ ነኝ፤ የገዛ እናቱ ናቸው፣ ዛሬ እንኳን እሱ ይነሳ ብዬ ነው። ትንፋሼን ሳይቀር እንደ ተኛ ሰው አስረዘምኩት። እሱ እኔን ላለመቀስቀስ አልተነሳም። እኔ እሱን ለማስነሳት አልነቃሁም። አንድ ዓይኔን ብገልጥ ኖሮ ከሁለት አንዳችን እንነሳ ነበር።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ዓይኔን እያየኝ ነበር፤ ያን ዓይን መልሼ ማጣት አልቻልኩም።

«ተኝቼ ነበር» አልኩት። «ብሰማማ እቀሰቅስህ ነበር።»

ሁለተኛውን ውሸት ማንም አልጠየቀኝም።

ያን ሌሊት ባልና ሚስት ሆንን። ሽማግሌው ጠዋት ሲሸኙን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉን፤ እኛም «አሜን» አልን።

ባለቤቴ ከሆቴሉ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኗል። ጠርሙሶቹን አነሳና «እንግዲህ የእውነት ጠበል እንሂድ» አለኝ። ባልና ሚስት ሆኖ ያደረ ሰው በማግስቱ ጠበል እንደማይገባ ደስታው አስረስቶታል፤ እኔም ያን ሌሊት ኃጢአት ላስመስልበት አልፈለግሁም። ግን ፈራሁ። ልጅ ሆኜ ጠበል ቦታ አንዲት ሴት ውሃው ሲፈስባት ለሃያ ዓመት የደበቀችውን ሁሉ በሕዝብ ፊት ስትለፈልፍ አይቻለሁ። እኔም ከእሱ አጠገብ ቆሜ «ሰምቼ ነበር! ሰምቼ ነበር!» ብዬ ስጮህ ታየኝ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ የወር አበባዬ መጣ አልኩት። እንዲህ የሆነች ሴት ቅጥሩ ውስጥ አትገባም፤ ምንም አልጠየቀኝም። ጫማውን ይዤ ውጪ ቀረሁ። እየተንቀጠቀጠ፣ እየሳቀ፣ አምስቱን ጠርሙስ ሞልቶ ወጣ።

የምድር ቤቷ እናት ጠርሙሳቸውን ተቀብለው ሳሙት። «የእሱስ ፊት በርቷል፤ አንቺስ ተጠመቅሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ» አልኳቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ባለቤቴ ይተኛል። ክንዱን ዘርግቶ እዚያ ላይ ያስተኛኛል። ምንም አልሰማም ይላል፤ ሆቴሉ ነው ያዳነን እያለ እንደገና እንሂድ ይለኛል። እኔ ግን ሊነጋጋ ሲል እሰማለሁ። መጀመሪያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ሲደገም ከክንዱ ቀስ ብዬ ወጥቼ፣ ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ፣ ሳሎን፣ ፍራሻችን የነበረበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ። «አቤት እማማ፣ መጣሁ» እላለሁ፣ በሹክሹክታ።

ትናንት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን አዳመጥኩት። ረጅም ነው፣ እኩል ነው፤ ልክ እኔ የዚያን ሌሊት እንዳደረግሁት። ነቅቶ ይሆናል። ሁሉን ሰምቶ፣ እኔ እስክነግረው እየጠበቀ ይሆናል። ክንዱ እንደተዘረጋ ነው። ተመልሼ ተኛሁበት፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ።