ዘር ያልያዘችው ቁልቋል

ታናሽ ወንድሜ መስታወት ቆራጭ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ቤት መስኮት ሲገጥም ኖሮ፣ ከሥራ የተረፈውን ስብርባሪ አጠራቅሞ ጣሪያው ላይ ለራሱ አንዲት የመስታወት ክፍል ሠራ። የቁልቋል ቤት ናት። ሰፈርተኛው «ባለ እሾኹ» ይለዋል። ሊጨብጠው እጁን የሚዘረጋ ሁሉ አስቀድሞ «ዛሬስ እጅህ ከእሾኽ ንጹሕ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ይህን ነገር ያስለመደችው ባለቤቱ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። አንዲት ደንበኛዋ ከቁንጫ የማይበልጡ ዘሮች በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻትና ሳህን ላይ በአሸዋ ዘራቻቸው። ሁለት ብቻ በቀሉላት። አንዷን አስቀርታ ሌላዋን ለታናሽ እህቷ ሰጠች። የእሷዋ ክብ ሆና፣ ነጭ ጸጉር ለብሳ አደገች፤ በበጋ መግቢያ አናቷ ላይ ሮዝ አበባ ታወጣለች። ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። «ልጄ ይቺው ናት፤ እሾኽዋ ግን በአባቷ ነው የወጣው» እያለች ትስቅ ነበር።

እሷ ስታርፍ ወንድሜ ሰው መሆኑ ቀርቶ ነበር። ቀስ በቀስ የመለሰው ይኸው ቁልቋል ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ እንደሱ ቁልቋል የሚያሳድጉ ሰዎች አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ገንዘብ አይነሣም፤ ዘር በዘር፣ ልጅ በልጅ ነው የሚለዋወጡት። ልጅ የሚሉት ትልቋ ተክል ከጎኗ የምታወጣትን ቡቃያ ነው፤ ተገንጥላ አሸዋ ላይ ስትቀመጥ ሥር ትሰዳለች። እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ወዲህ ስለሆነ፣ በየጣሳው ላይ የተጻፈውን ስም እየዞርኩ ማንበብ ደስ ይለኛል።

ወንድሜ ግን የሚስቱን ቁልቋል ልጆች ያለ ልዋጭ ነበር የሚያድለው። «በየቤቱ ትኑርልኝ እትዬ» ይላል።

አንድ ዓመት ያቺ ተክል ከሥሯ እንደ ቡሽ መድረቅ ጀመረች። ልጅ ማውጣትም ተወች።

«በየሰው ቤት አለችልህ አይደል?» አልኩት።

«እሱማ ያው እሷው ናት፤ ተቆርሳ ነው። እኔ የምፈልገው ዘር ነው። ዘር አዲስ ነፍስ ነው። ሳትሞትብኝ ከሷ የተወለደ አንድ እንኳ ልይ።»

ልጅ ምን ያህል ይመኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ይህች ቁልቋል ደግሞ በራሷ ብናኝ ዘር አትይዝም፤ ከሌላ ተክል አበባ የተወሰደ ብናኝ ያስፈልጋታል። ሩቅ ከተማ ያሉ፣ ይህችኑ ዓይነት ተክል ያላቸው ወዳጆቹን ብናኝ እንዲልኩለት ጠየቃቸው። ብናኙ በወረቀት ታጥፎ በፖስታ መጣለት። በቀጭን ብሩሽ እየነካ አበባዎቹን ቀባቸው። ሁሉም ደርቀው ረገፉ። በዓመቱም እንዲሁ ሆነ።

ነገሩን የደረሰበት ከጓደኞቹ አንዱ፣ ፋርማሲስቱ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁላችን እየሰማን በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

«ብናኙን የላከልህ ሰውዬ ተክሏን ያገኘው ከሹፌሩ ጓደኛችን ነው። ሹፌሩ ከእኔ። እኔ ደግሞ…» ብሎ ቆመ። «ወይ ጉድ! እኔ ከአንተ! ሌሎቹም ዞረው ዞረው ካንተው ነው የመጡት። አንተ ሰውዬ፣ አገሩን በአንዲት ሴት ሞልተህ ባል ትፈልግላታለህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ቀድሞ ያለቀው ግን እሱ ፊት ላይ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ መሐል ቀጥ አለ። «የእህትየዋ! እሷ ዘንድ ያለችው ከዘር የበቀለች ሌላ ናት!»

ከባለቤቱ እህት ጋር ከቀብሩ ወዲህ አልተገናኙም። ተጣልተው አይደለም፤ ሲተያዩ ሟቿ እየመጣችባቸው ነው የተራራቁት። የወንድሜ ቁልቋል አበባ ባወጣች ሰሞን አውቶቡስ ይዘን ሄድን። ብሩሹን ደረት ኪሱ አድርጎታል።

በሩን ከፍታ ስታየው እንባዋ ቀደማት። «ጋሼ! ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

ስለ ቁልቋሏ ሲጠይቃት ፊቷ በራ። ወደ ኩሽና ወሰደችን። ተክሏ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ ባማረ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተቀምጣለች። ሳህኑ ውሃ ማስወጫ የለውም።

«ለዓመታት መስኮት ላይ ረስቻት ኖርኩ። ዘንድሮ ክረምት ሳያት አንጀቴን በላችኝ። የእህቴ እጅ ያበቀላት አይደለች? ከዚያ ወዲህ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ለሷ ነው ውሃ የምሰጠው። አንድ ቀን አላስጠማኋትም።»

ወንድሜ ጣቱን ጎኗ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ሰመጠ። ከላይ ነጭ ጸጉሯ እንዳለ ነው፤ ውስጧ በስብሶ አልቋል።

«ሰሞኑን ግን ከፍቷታል። ምን ሆናብኝ ነው ጋሼ?»

አዳራሹ ውስጥ ወንድሜ ውሃ የሚያበዛ ሰው ሲያገኝ እንዴት እንደሚቆጣ አይቻለሁ። ጣቱን በመሐረቡ ቀስ ብሎ ጠረገ።

«ምንም አልሆነችም። እርጅና ነው። አንቺ ባታስታምሚያት እስካሁንም አትቆይም ነበር።»

አውቶቡስ ውስጥ አላስቻለኝም። «ለምን አልነገርካትም?»

«ምን ልበላት እትዬ? እህትሽ ያበቀለቻትን በገዛ እጅሽ ገደልሻት ልበል?» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ለእህትየዋ ከሱው ቁልቋል የተቆረሰች አንዲት ልጅ ከፋርማሲስቱ ለምኖ፣ በተበሳ ጣሳ ተክሎ ወሰደላት። «ይቺን የማጠጣት እኔ ነኝ፤ አንቺ እንዳትነኪያት» አላት። አሁን ውሃ ለማጠጣት ብሎ በየወሩ እሷ ዘንድ ይሄዳል። «በገዛ ቤቴ ውሃ የሚከለክለኝ!» እያለች ታማርራለች፤ የሚመጣበትን ቀን ግን ቤቱን አጽድታ ነው የምትጠብቀው።

የወንድሜ ቁልቋል ዘንድሮም አበበች፤ አበቦቿ ግን ጥቂት ናቸው። አብሬው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ብሩሽ አላነሣም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ጀንበር እስክታዘቀዝቅ አያት። ከቀናት በኋላ ስመለስ አበቦቹ ረግፈዋል። በመዳፉ ሰብስቧቸው፣ የት እንደሚጥላቸው ግራ ገብቶት፣ መስታወቶቹ መሐል ቆሞ አገኘሁት።