የልጅ ልጄ የፍልሰታ ጾም

ልጄ ከአዲስ አበባ መንዝ፣ ዘመሮ ድረስ የመጣችው ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጇን ይዛልኝ መጣች። የልጅቷን አባት ፈትታ ሌላ ካገባች ዓመት አልሞላትም።

«ለክረምቱ ብቻ ነው እማዬ፤ አየሩ ይስማማታል» አለችኝ።

የመንዝ የሐምሌ ጭጋግ ለማን እንደሚስማማ አልነገረችኝም። ለፍልሰታ በዓል መጥታ እንደምትወስዳት ለልጅቷ ቃል ገብታ በማግስቱ ሄደች።

ልጅ በክረምት እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ፤ እናቷን ጨምሮ አራት አሳድጌአለሁ። ሱፍ መፍተል አስተማርኳት፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር አገናኘኋት፤ ዝናቡ ሲያባራ ገበያ ይዣት ወጣሁ። ልጆቹ በአዲስ አበባ አነጋገሯ ሲስቁ እሷም አብራ ትስቃለች። ማታ ማታ ግን ለበዓሉ ስንት ቀን እንደቀረ ትጠይቀኛለች።

ጾሙ ሲገባ ከሁሉም ልጆች ባሰች። እዚህ አገር ፍልሰታን ሕፃናትም ይጾማሉ፤ ትንንሾቹ ግን ቅዳሴው ሳያልቅ ከኪሳቸው ቆሎ ሲቆረጥሙ ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል። እሷ ውሃ እንኳ አትቀምስም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እግሯ ይተሳሰራል። ሴቶቹ ከአዲስ አበባ መነኩሲት መጣችልን እያሉ ያሞግሷታል። ለምን እንደምትጾም ከእነሱ የጠየቃት የለም። እኔ ስጠይቃት፣ ማሚ እንድትመጣ ነው አለችኝ።

የነፍስ አባቴን አስጠራኋቸው። ደግ ሰው ናቸው። አጠገባቸው አስቀምጠዋት፣ ልጅ እንዲህ መራብ እንደሌለበት፣ እሳቸው ጾሙን እንደፈቱላት፣ ጠዋት ጠዋት እንድትበላ ነገሯት። አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው።

«አባ፣ ብበላና ማሚ ብትቀር ጥፋቱ የእርስዎ ይሆናል?»

መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። እሷም ጾሟን ቀጠለች።

በበዓሉ ዋዜማ ልጄ ደወለች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባሏ ሥራ በዝቶበታል፤ ቤቱም ጠባብ ነው። ሰኔ ላይ አልጠበበም ነበር። ልጅቷን እዚሁ ትምህርት ቤት እንዳስመዘግባትና ነገሩንም እኔው እንድነግርላት ለመነችኝ።

«ቃል የገባሽላት አንቺ ነሽ። ራስሽ ንገሪያት» ብዬ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋት።

ሰማቻት። እሺ አለች። ደህና ነኝ አለች። ስልኩን መለሰችልኝና ጓዳ ገባች። ከዕለቱ ወተት አጠገብ ቆማ ጠራችኝ።

«እማማ፣ ከዚህ ልጠጣ?»

ጾሙ ሊፈታ አንድ ሌሊት ቀርቶታል። ቀድቼ ሰጠኋት። ቆማ ጨለጠችውና ኩባያውን መልሳ ዘረጋችልኝ።