የእትዬ ብርቄ ጨረር

ልጅ ሳለሁ፣ ደሃና ውስጥ ባለችው መንደራችን፣ የአካባቢው ልጅ ሁሉ ማታ ማታ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ከእኛ ጋር ይኖሩ ስለነበር ተረት የሚነገረው እኛ ቤት ነው። ኩራዙ ጋዝ እንዳይጨርስ ይጠፋና የምድጃው ፍም ብቻ ይቀራል። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እሳቸው በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣና የጀመሩትን ተረት በአማርኛ ሲጨርሱልን፣ ጅቡ የሚናገርበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ሲያጎረንኑ፣ ጭናቸው ላይ የተቀመጠችው ታናሽ እህቴ ፈርታ አፋቸውን በእጇ ትከድን ነበር።

እትዬ ብርቄ እንቅርት ነበረባቸው። አንድ ክረምት ልባቸው ያለ ሥራ ይደልቅ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አባቴ አዲስ አበባ ድረስ ወሰዳቸው። ሐኪሞቹ ጨረር ያለው አዮዲን በክኒን ሰጥተው፣ ለጥቂት ሳምንታት ከልጅና ከነፍሰ ጡር እንዲርቁ አዘዙ። አባቴ ግን ቤት ሲገባ የተናገረው ሌላ ነው፦ «እትዬ ውስጥ ጨረር የሚባል ነገር ገብቷል። እስኪለቃቸው ልጅ አይጠጋቸው።»

መቼ እንደሚለቃቸው በምን ይታወቃል? በእኛ አገር ሰው ውስጥ የገባ ነገር ጠበል ሲነካው ይጮኻል፤ «ለቅቄያለሁ» ብሎ ይወጣል። እናም ጥር ላይ ጠበል ወሰዷቸው፤ ዘመድ ሁሉ ከበበና ጩኸቱን ጠበቀ። እትዬ ብርቄ በዚያ ብርድ ዝም ብለው ተጠመቁ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤት ተመለሱ። ስላልጮኸ አልለቀቃቸውም ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ከቤታችን በታች ባለችው ጎጆ ብቻቸውን ማደር ጀመሩ። ተረቱን ከደጃፍ ላይ ሆነው ሊነግሩን ሞከሩ። «ተረት ተረት» ሲሉ እኛ ከምድጃው ዳር «የላም በረት» እንላለን፤ ግን ነፋሱ ግማሹን ይወስደዋል፣ ጅቡም እየጮኸ ሲናገር ጅብ አይመስልም። እህቴ ልትሮጥላቸው ስትነሳ እናቴ በቀሚሷ ይዛ ታስቀራታለች። ጥቂት ማታ እንዲህ አሉና ተዉት።

ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የጨረር ትምህርት ላይ በደረስሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ያ አዮዲን በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ የቀረው እንደገና በግማሽ፣ ያም በግማሽ። ጠበል በወሰዷቸው ቀን ከእትዬ ብርቄ ገላ ውስጥ ካለቀ ቆይቶ ነበር። ጨረር ሲያልቅ ደግሞ አይጮህም። እንዲያውም ጨረርን ከፈራን የቤታችን ግድግዳ ድንጋይ ውስጥ ቅንጣት ዩራኒየምና ቶሪየም አለ፤ የምንቆረጥመው ገብስ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ጥቂቱ ጨረር ይረጫል፤ ልጆቿን ከጨረር የምታስጥለው እናቴ ራሷ በሥጋዋ ይዛው ትዞር ነበር። ትንሽ ስለሆነ ማንንም አልጎዳም። ከድንጋዩ አልሸሸንም፣ ከገብሱ አልሸሸንም፤ የሸሸነው ከእሳቸው ብቻ ነው።

እትዬ እስከ ዛሬ እዚያችው ጎጆ ብቻቸውን ናቸው፤ ይህን ለእናቴ ስንት ጊዜ ነገርኋት። «እሺ፣ አንተ ተምረሃል» ትልና የእትዬን በርጩማ ከልጆቼ መልሳ ታርቃለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ የገዛ እናቴን ማሳመን አለመቻሌ ያሳፍረኛልም፣ ያናድደኛልም።

ባለፈው ፋሲካ ግን ምን እንዳሸነፋት እንጃ፣ እናቴ ራሷ እትዬ ብርቄን ደግፋ አምጥታ ምድጃው ዳር አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ትንሿን ልጄን «ሂጂ፣ እትዬን ሳሚያቸው» አለቻት። ልጄ ሮጠች። እትዬ ብርቄ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፤ ሊያቅፏት መስሎኝ ነበር።

«ተይ ልጄ፣ እዚያው ሁኚ። እኔ ጨረር አለብኝ» አሏት።

ለእሳቸው ለራሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም ነበርና አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ስምንቱ ቀን፣ ስለ ግማሹና ስለ ግማሹ ግማሽ ነገርኋቸው። ፍሙን እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ያኔውኑ አልቆ ነበር ትለኛለህ?»

«አዎ እትዬ፤ ያኔውኑ አልቋል።»

«እንግዲያው ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዬን የተቀመጥሁት ለምንድን ነው?»

ልጄ መሐል ላይ እንደቆመች ነበር፤ የእሳቸውም እጅ አልታጠፈም። የነገሩን ተረት አብዛኛው መጨረሻው ጠፍቶብኛል። የቀረኝ ያ ጥያቄያቸው ነው፤ እስከ ዛሬ ያበግነኛል፣ ማን ላይ እንደምቆጣ ግን አላውቅም።